ዓይን ስለ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ፍርድ



ይህ ንግግር በሬዲዮ በተሰማ ጊዜ አድማጩ በጆሮው ብቻ ይከተል ስለ ነበረ፥ የተነገረውን በእጁ እየሞከረ ለማረጋገጥ አልተመቸውም። እናንተ ግን ጋዜጣውን በጠረጴዛችሁ ላይ ዘርግታችሁ ስለምታነቡ፥ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ትንሽ ሙከራ እንድታደርጉ በትሕትና እለምናችኋለሁ። የሚያስፈልገው መሣሪያ በየመሥሪያ ቤቱ የማይጠፋ ነው፤ ሁለት ንጹሕ ወረቀት፥ መቀስ፥ እርሳስና ማስመሪያ።

የአንዱን ወረቀት መካከል በሃምሳ ሳንቲም ልክ ክብ አድርጋችሁ ቅደዱት። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ከግራው የታች ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ቀኙ የላይ ማዕዘን የሚወጣ አንድ ወፍራም ሰያፍ መሥመር አሥምሩ፤ መሥመሩ ነጥብም ጉድለትም አይኑርበት። ከዚያም ቀዳዳ ያለውን ወረቀት ከላይ ደርባችሁ የታችኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ሳቡት። በቀዳዳው ውስጥ የምታዩት መሥመር የሚሄደው ወዴት ነው? እጃችሁ ወረቀቱን የሳበው በቀጥታ ወደ ቀኝ ሆኖ ሳለ፥ መሥመሩ ወደ ቀኝም ወደ ታችም በሰያፍ ሲወርድ ይታያችኋል። አሁን ደግሞ ወረቀቱን ወደ ቀኝ መሳብ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ታች ሳቡት። መሥመሩ ያንኑ ሰያፍ መንገድ ተከትሎ እንደ ቀድሞው ይወርዳል። በመጨረሻም ወረቀቱን በመሥመሩ ርዝመት አቅጣጫ ወደ ላይ ግፉት፤ ወረቀቱ መንቀሳቀሱን እጃችሁ እያወቀ፥ በቀዳዳው ውስጥ ያለው መሥመር ግን ፈጽሞ የሚነቃነቅ አይመስልም።

ነገሩ የምትሐት ሥራ አይደለም። ጫፉ ያልታየና ምልክት የሌለበት መሥመር አንዱ ክፍል ከሌላው ክፍል አይለይምና፥ በራሱ ርዝመት ላይ ቢንሸራተት ለውጡ አይታወቅም። ዓይን ሊያውቅ የሚችለው መሥመሩ ወደ ጐኑ የሄደውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የሚታየው አንድ ሥዕል ከቍጥር በላይ ከሆኑ እንቅስቃሴዎች ሊመጣ ይችላል። የሚያስደንቀው ግን ዓይናችን ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ለእኛ አለማስታወቁ ነው። «አላውቅም» ሲል አንሰማውም። ከብዙዎቹ አንዱን መርጦ፥ እርግጡ ይህ ነው ብሎ ያሳየናል። ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ ለማወቅ የሰው ልጅ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ደክሟል፤ ከደከሙትም መካከል አንዳንዶቹ አገራቸውን አጥተዋል። ዛሬ የምነግራችሁ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ነው። የማነሣው የዘመን ቍጥር፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በነፋስ ወፍጮ ነው። በሰሜን አውሮፓ ሜዳዎች ላይ እህል የሚፈጨው አራት ታላላቅ ክንፎች ባሉት፥ ነፋስ በሚያሽከረክረው ወፍጮ ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው እንግሊዛዊው ሮበርት ስሚዝ በ1738 ዓ.ም. ስለ ብርሃንና ስለ ማየት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለውን ነገር ጠቀሰ። ወፍጮው ከሩቅ በአግድሞሽ ሲታይና ከበስተኋላው ሰማዩ ብሩህ ሲሆን፥ የክንፎቹ ዙረት አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ፥ ሌላ ጊዜ በተቃራኒው ይመስላል። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ዚንስቴደን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ ይህንኑ በምሽት ብርሃን አይቶ በዝርዝር ጻፈ። ወፍጮው አንድ ነው፤ ነፋሱም አልተለወጠም፤ ክንፎቹ ግን ተመልካቹ ባለበት ቆሞ ሳለ በድንገት ዙረታቸውን የሚገለብጡ መሰሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ወፍጮው በብሩህ ሰማይ ፊት ሲቆም ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙም ጣውላውም ስለማይለይ የትኛው ክንፍ ወደ እኛ የቀረበ፥ የትኛው የራቀ መሆኑን የሚናገር ምልክት አይገኝም። የቀረበውን የራቀ፥ የራቀውን የቀረበ አድርገን ከወሰድነው የዙረቱም አቅጣጫ አብሮ ይገለበጣል። ዓይን በሁለቱ አሳቦች መካከል አንዱን መያዝ አለበት፤ የያዘውንም ብዙ ጊዜ ሳያቆይ ይለቅቀዋል።

በዘመናችን ይህንኑ ጉዳይ ብዙ ሰው ሳያውቀው አይቶታል። ኖቡዩኪ ካያሃራ የተባለ ጃፓናዊ በ2003 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የሠራት፥ በአንድ እግርዋ ቆማ የምትሽከረከር የጥቁር ጥላ ዳንሰኛ በመላው ዓለም ተዛምታ ነበር። በቀኝ ስትዞር ያያት ሰው በዚህኛው የአንጎሉ ክፍል ያስባል፥ በግራ ስትዞር ያያት በዚያኛው እየተባለ የተወራው ግን መሠረት የሌለው ወሬ ነው። በ2010 ዓ.ም. ትሮየና ማክአዳም የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ገለጹት፥ አብዛኛው ተመልካች በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስትዞር የሚያያት ነገሮችን ከላይ ወደ ታች እንደሚያይ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ ስላለው ነው። ይህም በሜዳ ላይ ቆሞ ለሚሄድ ፍጡር የሚገባ ግምት ነው። ስለዚህ ያቺ ዳንሰኛ ስለ ጠባያችን የምትነግረን ነገር የለም፤ ዳንሰኛዋ የስሚዝ ወፍጮ ነች።

ወፍጮው በራሱ የሚሽከረከር ነገር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ሊቃውንት ከማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች እንቅስቃሴን ለመፍጠር ቻሉ። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. አንዱ ከሌላው በስተኋላ የሚዞሩ ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች የቆሙ መስለው ሊታዩ እንደሚችሉ ገለጸ። በማግሥቱ ዓመት የቤልጅጉ ዦዜፍ ፕላቶ በዙሪያው ሥዕልና ቀዳዳ ያለበትን ክብ ሠሌዳ አበጀ። ሠሌዳው በመስታወት ፊት ሲዞርና በቀዳዳው ሲታይ ሥዕሎቹ ሕይወት ያገኙ ይመስላሉ፤ የሥዕሎቹ ቍጥር ከቀዳዳዎቹ ቍጥር ሲያንስ ወይም ሲበዛ ደግሞ ሥዕሎቹ ወደ አንድ ጐን እየተጓዙ ይታያሉ። ፕላቶ በ1843 ዓ.ም. ዓይኑ ፈጽሞ ጠፋ። በ1883 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ለ40 ዓመት በሌሎች ሰዎች ዓይን እየተረዳ ምርምሩን አላቋረጠም።

ሲኒማ ቤት የገባ ሁሉ የጋሪው መንኰራኵር ወደ ኋላ ሲዞር፥ ጋሪው ግን ወደ ፊት ሲሮጥ አይቷል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሲኒማው በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያሳያል። መንኰራኵሩ 12 አግዳሚዎች ቢኖሩት በሁለት አግዳሚዎች መካከል ያለው ርቀት 30 ዲግሪ ነው። ከአንዱ ሥዕል እስከሚቀጥለው ድረስ መንኰራኵሩ 25 ዲግሪ ወደ ፊት ቢዞር፥ እያንዳንዱ አግዳሚ ከፊቱ የነበረው አግዳሚ ወደ ቆመበት ስፍራ 5 ዲግሪ ሲቀረው ይቆማል። አግዳሚዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዓይን «ይህ 25 ዲግሪ ወደ ፊት የሄደው ነው» ወይም «ያ 5 ዲግሪ ወደ ኋላ የተመለሰው ነው» ሊል ይችላል። የሚመርጠው አጭሩን መንገድ ነው፤ መንኰራኵሩም ወደ ኋላ ይዞራል። በዚህ ምርጫ ውስጥ ዓይን የሚከተለው አንድ ሕግ ታየ፤ ሁለት መንገድ ሲቀርብለት ወደ ቅርቡ ያደላል።

ይሁን እንጂ ቅርቡና ሩቁ እኩል ቢሆኑስ? ይህን የጠየቀው በ1880 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ የተወለደው ማክስ ቬርትሃይመር ነው። በ1910 ዓ.ም. ከቪየና ተነሥቶ ለዕረፍት በባቡር ሲጓዝ አንድ አሳብ መጣለት። ፍራንክፈርት ላይ ወርዶ የልጆች መጫወቻ የሆነች ስትሮቦስኮፕ ገዛ፤ ሥዕሎቹንም ራሱ በሠራቸው መሥመሮች ለውጦ በሆቴል ክፍሉ ውስጥ መሞከር ጀመረ። ዕረፍቱ በዚያው ቀረ። ሙከራውን በከተማው በሚገኘው የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ሲቀጥል ተመልካች የሆኑለት ሁለቱ ወጣቶች ቮልፍጋንግ ኬለርና ኩርት ኮፍካ ኋላ በሞያው ስመ ጥር ሆነዋል።

ቬርትሃይመር በ1912 ዓ.ም. ያሳተመው ውጤት ይህ ነው። ሁለት መሥመሮች በተለያየ ስፍራ ተራ በተራ ሲበሩ፥ በመካከላቸው ያለው ጊዜ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ከሆነ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሲበራ ይታያል። ጊዜው ወደ ሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ሲያጥር ሁለቱም በአንድነት የበሩ ይመስላሉ። በእነዚህ መካከል፥ የሰከንድ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሲሆን ግን፥ አንድ መሥመር ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ በግልጥ ይታያል። በመካከሉ ምንም አልነበረም፤ የሄደም ነገር የለም። ያየነው እንቅስቃሴ ብቻውን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አስቀድሞ የቆመ መሥመር፥ ቀጥሎ በመካከሉ አቋርጦ የተጋደመ መሥመር ቢታይ፥ የቆመው ወድቆ ሲጋደም ይታያል። ግን የወደቀው በቀኝ ነው ወይስ በግራ? መንገዱ በሁለቱም በኩል 90 ዲግሪ ነው። ቬርትሃይመር የመጀመሪያውን መሥመር በጥቂቱ ወደ ቀኝ ካዘነበለው መሥመሩ በቀኝ ይወድቃል፤ አጭሩ መንገድ ያ ነውና። ይህን ደጋግሞ ካሳየ በኋላ ማዘንበያውን በየጊዜው እየቀነሰ መሥመሩን ወደ ቀጥታ ቢያቆመው፥ ከዚያም አልፎ ጥቂት ወደ ግራ ቢያዘነብለው እንኳ፥ ተመልካቹ መሥመሩ በቀኝ ሲወድቅ ማየቱን አይተውም። አጭሩ መንገድ በግራ ሆኖ ሳለ የለመደውን ረጅሙን መንገድ ይከተላል። እኔ ይህን ሙከራ በቬርትሃይመር ሥራ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ለብዙ ዓመታት በአንድ መንገድ የተሠራበትን ጉዳይ፥ ሁኔታው ከተለወጠ በኋላም በዚያው መንገድ የምንሠራ እኛ ሰዎች፥ ዓይናችንም እንደ እኛ መሆኑን ስናውቅ ጥቂት ፈገግ ማለት ይገባናል።

ቬርትሃይመርና ባልንጀሮቹ ከዚህ ተነሥተው «ጌስታልት» የተባለውን ትምህርት መሠረቱ። ቃሉ በጀርመንኛ ሙሉ መልክ፥ አቋም እንደ ማለት ነው። ከእነርሱ በፊት ብዙዎች ማየት ማለት ጥቃቅን ስሜቶችን እንደ ጡብ መደርደር ነው ይሉ ነበር። እነዚህ ግን አእምሮ አስቀድሞ የሚይዘው ሙሉውን ነው፥ የክፍሎቹም ትርጕም ከሙሉው የሚመጣ ነው አሉ።

በዚያው ዘመን ሌሎችም ለጉዳዩ ማስረጃ አመጡ። ካርል ዱንከር የተባለ ወጣት በ1929 ዓ.ም. በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ የብርሃን ነጥብ በብርሃን ክፈፍ ውስጥ አድርጎ ክፈፉን ሲያንቀሳቅስ፥ ተመልካቹ ክፈፉን የቆመ፥ ነጥቡን የሚሄድ አድርጎ አየ። ደመና በነፋስ ሲነዳ ጨረቃ ወደ ተቃራኒው ስትሮጥ የምናያት ለዚሁ ነው። በዚያው ዓመት ጊልፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ስለ ጠጉር ቆራጮች ምሰሶ ጻፈ። በአውሮፓና በአሜሪካ ጠጉር ቆራጭ በደጁ ላይ ቀይና ነጭ ጠመዝማዛ መሥመር ያለበት የሚዞር ምሰሶ ይተክላል። ምሰሶው የሚዞረው ወደ ጐን ብቻ ነው፤ መሥመሮቹ ግን ያለ ማቋረጥ ወደ ላይ ሲወጡ ወይም ወደ ታች ሲወርዱ ይታያሉ። ከየት እንደሚመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ሳይታወቅ ቀኑን ሙሉ ይወጣሉ።

የምሰሶውን ምሥጢር የፈታው ሐንስ ቫላኽ ነው። በ1904 ዓ.ም. በበርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፥ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የኬለር ተማሪ ነበር። የሥነ ልቡናው ተቋም የሚገኘው በቀድሞው የጀርመን ንጉሠ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ነገሥታቱ ከወረዱ በኋላ በአዳራሾቹ ውስጥ ወጣቶች መሥመርና ነጥብ እያሳዩ ምን እንደ ታያቸው ይጠያየቁ ነበር። ቫላኽም ለዶክተርነት ማዕረጉ የመረጠው አርእስት እናንተ ከላይ በወረቀት የሞከራችሁት ነው፤ በቀዳዳ ውስጥ የሚታይ መሥመር ወዴት የሚሄድ ይመስላል?

ሥራው ገና ሳያልቅ በጃንዋሪ 1933 ዓ.ም. ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ኤፕሪል 7 ቀን አንድ ሕግ ታወጀ። የሕጉ ስም የመንግሥት ሠራተኛነትን ሞያ መልሶ የሚያቋቁም የሚል ነበር። ሥራው ግን አይሁድ የሆኑትንና መንግሥቱ ያልወደዳቸውን ሠራተኞች ማባረር ነበር። በጀርመን የዩኒቨርሲቲ መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ሕጉ በመምህራን ላይ ወደቀ። እናንተ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች የዚህን ዓይነት ደብዳቤ ክብደት ከሌላው ሰው ይበልጥ ትገምቱታላችሁ ብዬ አምናለሁ፤ ሰውዬው በሥራው ምን ጐደለ የሚል ጥያቄ በውስጡ የለበትም፤ አያትህ ማን ነበር ብቻ ነው የሚለው።

ቬርትሃይመር ሕጉ እስኪደርስበት አልጠበቀም። በጎረቤት ቤት ሆኖ የሂትለርን ንግግር በሬዲዮ ከሰማ በኋላ ወዲያው ቤተሰቡን ይዞ ከአገር እንደ ወጣ ይተረካል። በዚያው ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ በ1943 ዓ.ም. በዚያው አረፈ።

ኬለር ግን አይሁዳዊ አልነበረም፤ ሕጉም አይነካውም ነበር። ዝም ቢል ወንበሩ ላይ በሰላም በተቀመጠ። ነገር ግን ኤፕሪል 28 ቀን 1933 ዓ.ም. በአንድ ታላቅ የበርሊን ጋዜጣ ላይ ስሙን ጽፎ የመምህራኑን መባረር የሚቃወም ጽሑፍ አወጣ። በናዚ ዘመን በጀርመን ጋዜጣ በግልጥ ከወጡት የተቃውሞ ጽሑፎች ከመጨረሻዎቹ አንዱ እርሱ ነው። በዚያች ሌሊት ኬለርና ባልንጀሮቹ የናዚ ፖሊሶች ይመጣሉ ብለው እየጠበቁ በቤቱ ውስጥ ሙዚቃ ሲጫወቱ አደሩ። ፖሊሶቹ አልመጡም። ቀስ እያሉ ግን ተቋሙን በፍተሻ አስጨነቁት፤ ረዳቶቹንም አባረሩበት። መምህር ሁሉ ትምህርቱን በናዚ ሰላምታ እንዲጀምር በታዘዘ ጊዜ ኬለር እጁን አነሣና፥ ወዲያው ለተማሪዎቹ ይህ ሰላምታ የሚወክለውን አሳብ እኔ አልጋራም ብሎ ነገራቸው። በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ።

የቫላኽ ጽሑፍ «በዓይን ስለሚታይ የእንቅስቃሴ አቅጣጫ» በሚል አርእስት የታተመው በዚያው በ1935 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለእኛም የማይዘነጋ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ድንበራችንን የጣሰበት ነውና።

በጽሑፉ ውስጥ ያለውን በወረቀታችሁ ልትከተሉት ትችላላችሁ። በክብ ቀዳዳ ውስጥ መሥመሩ ወደ ጐኑ በቀጥታ ይሄዳል፤ ይህን አይታችኋል። አሁን በክቡ ፈንታ ረጅምና ጠባብ ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች ቅደዱ። በታችኛው ወረቀት ላይም አንዱ መሥመር ሲያልፍ ሌላው እንዲተካ ብዙ ሰያፍ መሥመሮች ጐን ለጐን አሥምሩና ወደ ቀኝ ሳቡት። መሥመሮቹ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳሉ። ቀዳዳውን አጋድማችሁ ብትቀድዱት ደግሞ መሥመሮቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ጠጉር ቆራጩም ምሰሶውን ያቆመው እንደ መጀመሪያው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው የተቈለመመ ከሆነ መሥመሩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መንገዱን ይለውጣል። ነገሩን የሚወስነው ጫፍ ነው። መሥመሩ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲቈረጥ ጫፍ ያለው ይመስላል፤ ያ ጫፍ በጠርዙ ላይ ሲንሸራተት አቅጣጫው አያጠራጥርም፤ ዓይንም የጫፉን ምስክርነት ለመሥመሩ ሁሉ ይሰጣል። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ የጫፉ መንገድ በረጅሙ ጠርዝ ላይ ይበረክታል፤ ስለዚህ ረጅሙ ጠርዝ ይረታል።

ቫላኽ በሁለት አቅጣጫ የተጋደሙ መሥመሮችን እንደ መረብ ደርቦም አሳየ። ተመልካቹ በመጀመሪያ ሁለቱን እንደ አንድ መረብ አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ያያል። እየቈየ ሲመለከት መረቡ በድንገት ይለያይና ሁለቱ መሥመሮች አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ በተለያየ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ቈይተው ደግሞ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። አንድ ሥዕል፥ ሁለት ፍርድ።

በ1936 ዓ.ም. ቫላኽ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኬለር ወዳለበት ወደ ስዋርዝሞር ኮሌጅ ደረሰ። ዱንከርም ብዙ ተንገላትቶ በ1938 ዓ.ም. እዚያው ተቀላቀላቸው፤ ነገር ግን የደረሰበት ሐዘን አልለቀቀውም፤ በ1940 ዓ.ም. በ37 ዓመት ዕድሜው ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የቫላኽ ጽሑፍ በጀርመንኛ እንደ ተጻፈ ቀረ። በአዲሱ አገሩ ቋንቋ አንባቢ ስላልነበረው ለብዙ ዓመታት ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሆነ።

እርሱ ራሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1953 ዓ.ም. ከባልደረባው ከኦኮኔል ጋር የተጣመመ ሽቦ በመብራት ፊት እያዞረ ጥላውን በመጋረጃ ላይ አሳየ። ጥላው ሲቆም እንደ ጠፍጣፋ ሥዕል ይታያል፤ ሲዞር ግን ወዲያው ጥልቀት ያለው ሙሉ ሽቦ ሆኖ ይታያል። የዙረቱ አቅጣጫ ግን እንደ ስሚዝ ወፍጮ አልፎ አልፎ ይገለበጣል።

በእነዚያው ዓመታት አንድ ክርክር ተነሣ፤ ዓይን የሚፈርደው በተፈጥሮው ነው ወይስ በኖረበት ልምድ? አዴልበርት ኤምስ የተባለ አሜሪካዊ በ1951 ዓ.ም. አንዱ ወገን ረጅም፥ ሌላው አጭር የሆነ መስኮት መሰል ክፈፍ ሠርቶ ያለ ማቋረጥ ሲያዞረው፥ ተመልካቾች ክፈፉ ሲዞር ሳይሆን እንደ በር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አዩ። ሰው መስኮትን አራት ማዕዘን አድርጎ ስለለመደ ረጅሙን ወገን ሁልጊዜ የቀረበ አድርጎ ይወስዳል ተባለ። ኦልፖርትና ፔቲግሩ ይህን ለመፈተን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው፥ በክብ ጎጆ ለሚኖሩ የዙሉ የገጠር ልጆችና ለከተማ ልጆች አሳዩ። በ1957 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት ለሁለቱም ወገን የሚያዳላ አልሆነም። ክፈፉ ከሩቅና በአንድ ዓይን ሲታይ የገጠሩም የከተማውም ልጅ ሲወዛወዝ አየው፤ ከቅርብ በሁለት ዓይን ሲታይ ግን ከገጠሮቹ የሚያነሱት ናቸው እንዲህ ያዩት። እኔ የምረዳው ማስረጃው ፈጽሞ ሲጠፋ ሁላችንም አንድ ዓይነት እንደምንፈርድ፥ ማስረጃው በከፊል ሲገኝ ግን የአደግንበት ቤት ድምፅ እንደሚሰጥ ነው።

የቫላኽ ጥያቄ እንደ ገና የተነሣው ሊቃውንት የአንጎልን ሕዋሳት መስማት ከጀመሩ በኋላ ነው። ሂዩበልና ቪዝል በ1959 ዓ.ም. በድመት አንጎል ውስጥ እንዳረጋገጡት፥ ስለ ማየት ከሚሠሩት ሕዋሳት እያንዳንዱ የሚጠብቀው ከሚታየው ዓለም ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በተወሰነ ማዘንበያ ያለ መሥመር ሲያልፍ ይመልሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዋስ ዓለምን የሚያየው በሃምሳ ሳንቲም ቀዳዳ ነው ማለት ይቻላል። ቫላኽ በበርሊን ቤተ መንግሥት ውስጥ በካርቶን የቀደደው ቀዳዳ በራሳችን ውስጥ በብዛት ነበር።

እነዚህ በቀዳዳ የሚያዩ ሁሉ ለብቻቸው እየተሳሳቱ እንዴት አንድ እውነተኛ አቅጣጫ ሊገኝ ይችላል? በ1982 ዓ.ም. አደልሰንና ሞቭሾን የቫላኽን መረብ የመሰለ ሥዕል አቅርበው፥ ሁለቱ መሥመሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ሲሄዱ ሰው ግን በሦስተኛ አቅጣጫ የሚሄድ አንድ መረብ የሚያየው መቼ እንደ ሆነ በልክ አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቭሾንና ባልደረቦቹ በጦጣ አንጎል ውስጥ ስለ እንቅስቃሴ በተለይ የሚሠራ አንድ ክፍል መርምረው፥ ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ለመሥመሮቹ ሳይሆን ለመረቡ አቅጣጫ እንደሚመልሱ አገኙ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ኒውሰምና ባልደረቦቹ በዚያው የአንጎል ክፍል ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሰዱ፥ ጦጣው አጠራጣሪ የሆኑ ነጥቦች ወዴት እንደሚሄዱ የሚሰጠው መልስ ወደ ተነካኩት ሕዋሳት አቅጣጫ አዘነበለ። ነጥቦቹ አልተለወጡም፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ።

በ2001 ዓ.ም. የታተመው የፓክና የቦርን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ቫላኽን ደስ ባሰኘው ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በጦጣ ፊት ጫፋቸው የሚታይ ሰያፍ መሥመሮች አንቀሳቅሰው የሕዋሳቱን መልስ በጊዜ ተከታተሉ። ሕዋሳቱ በመጀመሪያ የተናገሩት በክብ ቀዳዳ ውስጥ እናንተ ያያችሁትን፥ መሥመሩ ወደ ጐኑ መሄዱን ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሰከንድ 60 ሺኛ ክፍል በሚያህል ጊዜ ውስጥ መልሳቸውን ጥቂት በጥቂት አርመው ወደ እውነተኛው አቅጣጫ ደረሱ። ጦጣውም ነገሩን በዓይኑ ሲከተል ዓይኑ አስቀድሞ ወደ ተሳሳተው መንገድ ይጀምርና ወዲያው ይቃናል። ፍርዱ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የሚመስለን የመጀመሪያው ችሎትና ይግባኙ በጣም ስለሚቀራረቡ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ቩርገር፥ ሻፕሊና ሩቢን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የ1935ቱን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳተሙት። ከታተመ 61 ዓመት ሆኖት ነበር። ቫላኽ ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ በሕይወት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. አረፈ።